በሐይቁ ዳር ሳላነብ ያለፍኩት ማስታወቂያ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ የሰመር ወራት በተቃረቡ ቁጥር ስለ ጉዞና ስለ ዕረፍት የሚያወጣቸውን ገጾች ለዓመታት ስከታተል ቆይቻለሁ። የአውሮፕላን ትኬት መቼ ቢቆረጥ እንደሚረክስ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ ስንት ሻንጣ እንደሚፈቀድ፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ የሚካሄደው የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ውድድር የዘንድሮ ተረኛ ከተማ የትኛው እንደሆነ በየዓመቱ በደንብ ይጻፋል። ነገር ግን ስፋታቸው ከአሥር ኤከር ያላነሰ 11,842 ሐይቆች ባሉበት በሚኒሶታ ብዙ ሺህ ሆነን እየኖርን፣ ስለ እነዚህ ሐይቆችና በዳርቻቸው ስለሚገኙት ፓርኮች፣ ይልቁንም ውሻ ይዞ ወደዚያ ስለሚሄድ ቤተሰብ፣ በገጾቻችሁ ላይ አንድም ነገር አንብቤ አላውቅም።

ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ኦገስት ቤተሰቤ በኪራይ አርቪ፣ ማለትም አልጋውንና ወጥ ቤቱን ይዞ በሚሄደው መኪና፣ ለአሥር ቀን ያደረገው ጉዞ ነው። ጉዞው በአብዛኛው ደስ የሚል ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ግን በእኔ ቸልተኝነት ውሻችንን ልናጣው ለጥቂት ተረፍን። ማስጠንቀቂያው በግልጽ ተለጥፎ ስለነበር ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሌላ የማንም አይደለም። ሆኖም ያው ማስጠንቀቂያ ቀደም ብሎ በገዛ ቋንቋዬ ዓይኔ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እንዲያ አላልፈውም ነበር ብዬ ስለማምን፣ በደብዳቤዬ መጨረሻ ላይ ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ።

አስቀድሜ አርቪ ለምን እንደመረጥን ላስረዳ። ውሻችን ቡቺ ወደ ቤታችን ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። ስሙን ያወጣችለት ትንሿ ልጄ ስትሆን፣ እኔ ባደግሁበት ሰፈር የውሻው ሁሉ ስም ቡቺ እንደነበር አንድ ጊዜ ካጫወትኳት በኋላ ሌላ ስም አልሰማም አለች። ውሻ ያለው ቤተሰብ ከቤት ለመውጣት ሲያስብ መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ውሻው የት ይደር የሚል ነው። ይዘነው ወደ ዘመድ ቤት ብንሄድ፣ በአፋቸው ባይናገሩትም ፊታቸው ይናገራል፤ ውሻ አጥር የሚጠብቅ እንጂ ምንጣፍ የሚረግጥ ፍጡር እንዳልሆነ ሁላችንም ተምረን ያደግን ስለሆነ አልፈርድባቸውም። የእብድ ውሻ በሽታ ዛሬም ሰው በሚገድልበት አገር ያደገ ሰው ውሻ ሲመጣበት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ፍርሃቱ ከባዶ የመነጨ አይደለም። የውሻ ማቆያ ቤቶች በቀን የሚያስከፍሉት ደግሞ በአሥር ሲባዛ ለአንድ ሰው ትኬት ይበቃል። አርቪ ይህን ጥያቄ ከሥሩ ያነሳዋል፤ ቤቱ አብሮን ስለሚሄድ ውሻውም በቤቱ ያድራል።

ነገሩን ያወሳሰበው እናቴ ከባሕር ዳር ልትጠይቀን መጥታ መሰንበቷ ነበር። እናቴ 76 ዓመቷ ነው፤ ውሻ በሚተኛበት ጣሪያ ሥር ጸሎት አድርሳ አታውቅም፤ ጉዞው ደግሞ በፍልሰታ ጾም ውስጥ የሚውል ነበር። ከብዙ ድርድር በኋላ ቡቺ ከሾፌሩ ወንበር ኋላ ካለው ምንጣፍ እንዳያልፍ፣ ወደ ወጥ ቤቱም ዝር እንዳይል ተስማማን። 25 ጫማ ርዝመት ባለው መኪና ውስጥ እንዲህ ያለ ወሰን ማስከበር ምን ያህል እንደሚቻል አንባቢ ይገምተው። ውሻው ግን ከሁላችንም ይልቅ ስምምነቱን አክብሮ እንደነበር መመስከር አለብኝ፤ ለነገሩ እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ወሰኑ ጋ የቆመችው መቋሚያዋን ይዛ ነው።

መኪናው ራሱ አላስፈራኝም፤ መተዳደሪያዬ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ለሌላውም ሰው ቢሆን እንዲህ ያለውን አርቪ በሚኒሶታ ለመንዳት ተራው መንጃ ፈቃድ ይበቃል፤ ቁመቱን አስታውሶ ዝቅ ካሉ ድልድዮችና ከነዳጅ ማደያ ጣሪያዎች መጠንቀቅ፣ ሲታጠፍም የኋላው አካል ወደ ጎን እንደሚወጣ አለመዘንጋት ነው። ነዳጁን አልደብቅም፤ ወደ 900 ማይል ለሚሆን መንገድ በአንድ ጋሎን ዘጠኝ ማይል ያህል ነው የሄደልን። አዲስ የሆነብኝ የውሃው ሒሳብ ነበር። አርቪ ሦስት ታንከሮች አሉት፤ አንዱ ንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛው የእቃና የገላ እጣቢ፣ ሦስተኛው የሽንት ቤቱን ፍሳሽ ይይዛል። ንጹሑ ሲያልቅ ሌሎቹ ይሞላሉ፤ የሞላው ደግሞ በፈለጉበት ቦታ ሳይሆን ለዚሁ በተሠራ የፍሳሽ መጣያ ብቻ ይገለበጣል። በቤታችን ቧንቧ ከፍተን ሳህን ስናጥብ የማናስበውን ነገር ሁሉ እዚያ በሊትር መቁጠር ጀመርን፤ እናቴ ብቻ አልተቸገረችም፤ ውሃ በእንስራ እየተቀዳ ባደገችበት ቤት አንድ ጣሳ ውሃ ስንት ሥራ እንደሚሠራ ታውቃለችና።

ወደ ክፍለ ግዛቱ ፓርኮች ለመግባት ለአንድ መኪና ለቀን 7 ዶላር፣ ለዓመት 35 ዶላር ከፍለን ፈቃድ መያዝ ነበረብን፤ የማደሪያው ኪራይ ለብቻው ነው። የካምፕ ቦታ ከ120 ቀን በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ፣ ለኦገስት የሚያስብ ሰው በአፕሪል መነሳት አለበት፤ ሲይዝም የመኪናውን ርዝመት ማስገባት ይገባዋል። ውሻን በሚመለከት ደንቡ አጭርና ግልጽ ነው። ማሰሪያው ከስድስት ጫማ አይበልጥም፤ ውሻው ያለ ጠባቂ ብቻውን አይተውም፤ ወደ መዋኛ ዳርቻና ወደ ፓርኩ ሕንፃዎች አይገባም፤ የጣለውን ባለቤቱ ያነሳል። ይህ በተግባር ሲተረጎም ቤተሰቡ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል ማለት ነው። ልጆቹ ሲዋኙ ከእኔና ከባለቤቴ አንዳችን ውሻውን ይዘን ወደ ጫካው መንገድ እንሄዳለን። መኪናው ውስጥ ዘግቶበት መሄድ እንደ አማራጭ እንዳይታሰብ፤ በኦገስት ፀሐይ የቆመ አርቪ ማቀዝቀዣው ከጠፋ ምድጃ ነው፤ የሚኒሶታ ሕግም ውሻን ለጤናው በሚያሰጋ ሁኔታ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድን ይከለክላል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ያደርነው ከከተማችን ወደ ሰሜን መቶ ማይል ያህል ርቆ በሚገኘው በሚል ላክስ ሐይቅ ዳር፣ ፋዘር ሄነፒን በተባለው ፓርክ ነበር። የማዶው ዳርቻ አይታይም። እናቴ ወንበር አውጥታ ከተቀመጠች በኋላ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ስታየው ቆየችና፣ ይህማ ባሕር እንጂ ሐይቅ አይደለም አለች። ጣናም በዳርቻው ሰዎች አነጋገር ባሕር ነው፤ የከተማዋም ስም ከዚያ የመጣ ነው። በዚያን ምሽት በጋዙ ምድጃ ላይ ቡና ተፈላ፤ ጎረቤት የነበሩ አንድ አዛውንት ባልና ሚስት የቡናው ሽታ ስቧቸው የራሳቸውን አሮጌ ውሻ እየጎተቱ መጡ፤ እስከ ሦስተኛው ስኒ ድረስም ቆዩ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ሲሆን የጸጥታ ሰዓት ስለሚጀምር ተሰነባበትን። ቡቺ ከዚያ አሮጌ ውሻ ጋር ሲሸታተት እናቴ ከወንበሯ አልተነሳችም፤ እኔም ያን እንደ ትልቅ ነገር ቆጠርኩት።

በሦስተኛው ቀን ኢታስካ ወደሚባለው ፓርክ ስናመራ፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንዲት ትንሽ ሐይቅ ዳር ምሳ ለመብላት ቆምን። ቀኑ ሞቃት ነበር፤ ነፋስ አልነበረም፤ በቦታውም ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። መኪና ማቆሚያው አጠገብ በቆመው ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ዓይኔ አርፎበታል፤ ግን በየፓርኩ እንደሚለጠፈው፣ ስለ ጀልባ ማጠብና ስለ ማገዶ የሚናገር መስሎኝ አለፍኩት። ሰው ስለሌለ የቡቺን ማሰሪያ ፈታሁ፤ ይህ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ውሻው በቀጥታ ወደ ውሃው ሮጦ እስከ ሆዱ ገባ። ዳር ዳሩ ላይ ያለው ውሃ አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ይመስል ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ ግን ሐይቅ በበጋ አረንጓዴ መሆኑ የተለመደ ነው ብዬ አላሰብኩበትም። ወጥቶ ተራገፈ፣ ተጋደመና ፀጉሩን ይልስ ጀመር። በዚህ መሐል ትንሿ ልጄ ከሰሌዳው አጠገብ ሆና፣ «አባዬ፣ እዚህ ስለ ውሻ የተጻፈ ነገር አለ» ስትል ጮኸች። ባለቤቴ ሄዳ አነበበችውና ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ አላየኸውም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወረቀቱ የሚያስጠነቅቀው በሳይንስ ሳይኖባክቴሪያ፣ በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ስለሚባለው ነገር ነበር። የእኛ የትምህርት መጻሕፍት አልጌን ዋቅላሚ ይሉታል፤ ይኸኛው ግን ስሙ ይለጠፍበት እንጂ በትክክል ሲነገር ባክቴሪያ ነው። ከእርሻና ከየጓሮው ሣር ታጥቦ የሚመጣው ፎስፈረስ ሲበዛ፣ ውሃው ሲሞቅና ነፋሱ ሲረጋ በፍጥነት ይራባል፤ ከዚያም ቀለል ያለ ነፋስ ወደ አንዱ ዳርቻ ገፍቶ ያከማቸዋል። አንዳንዱ መርዝ ያመነጫል፣ አንዳንዱ አያመነጭም፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በዓይን አይለይም። ሰውንም ያሳምማል፤ ውሻን ግን በተለየ ይጎዳል፤ ምክንያቱም ውሻ ሰው የሚጸየፈውን ውሃ ይጠጣል፣ ሲወጣም ፀጉሩ ላይ የቀረውን ልሶ ይውጠዋል። መርዙ እንደ ዓይነቱ ነርቭን ወይም ጉበትን ይመታል፤ ምልክቱም በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲከፋም ሞት። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። የክፍለ ግዛቱ የብክለት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለሕዝብ የሚሰጠው ምክር፣ የተጠራጠሩትን ውሃ አለመግባት፣ ውሻ ከገባም ሳይልስ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

አርቪው በጎኑ በኩል የውጭ መታጠቢያ ቱቦ ነበረው። ባከራዩን ቀን ይህን ለምን ሠሩት ብዬ የሳቅሁበት ነገር ነው። ባለቤቴ ውሻውን ያዘች፣ እኔ አፉን፣ ሆዱን፣ በእግሮቹ ጣቶች መካከል ያለውን ሁሉ እያገላበጥኩ አጠብኩት፤ በሊትር ስንቆጥበው የነበረው ውሃ ሲያልቅ ማንም አልቆጠረም። እናቴ ከቦርሳዋ የፀበል ጠርሙሷን አወጣች። ወደ ውሻው አየች፣ ወደ ጠርሙሱ አየች፤ ለውሻ ፀበል አይረጭምና መልሳ ከተተችው። አርባ ደቂቃ ያህል ከተጓዝን በኋላ ቡቺ ያስመልሰው ጀመር፤ የኋላ እግሮቹም ይንቀጠቀጡ ነበር።

ከሃያ ማይል በላይ ነድተን ያገኘናት የእንስሳት ሐኪም ምክንያቱ ያ ውሃ ነው ብላ በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል፣ ነገር ግን ምልክቱ ከዚያ ጋር እንደሚሄድ ነገረችን። ልታደርግ የምትችለው በደም ሥር ፈሳሽ መስጠትና በደም ምርመራ ጉበቱን መከታተል ብቻ ነበር። ቶሎ መታጠቡ እንደጠቀመው ግን ደጋግማ ተናገረች። ሌሊቱን በክሊኒኩ የመኪና ማቆሚያ እንድናድር ፈቀደችልን፤ በሌላ መኪና ብንሄድ ኖሮ ሆቴል ፍለጋ እንንከራተት ነበር። ታንከራችን ባዶ ስለነበረ ያን ምሽት የሠራነው ሽሮ በሱቅ ውሃ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቡቺ በእግሩ ቆሞ ወጣ። የሕክምናው ሒሳብ ለጉዞው በሙሉ ካወጣነው የነዳጅ ወጪ በልጧል፤ ለምሳ የቆምንበት ጊዜ ግን ከአንድ ሰዓት አይበልጥም ነበር።

ሐኪሟ ስትጠይቀን ሌላ ያላሰብነው ነገር ወጣ። ውሻው ምን በልቷል ስትል ባለቤቴ የእሱን ደረቅ ምግብ፣ አልፎ አልፎም ከእኛ የተረፈውን ወጥ ብላ መለሰች። በወጡ ውስጥ ምን አለ ተባልን። የአገራችን ወጥ ያለ ሽንኩርት ምን ይሆናል? ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬውም ቢሆን የበሰለው፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች እንደሚያፈርሱና የደም ማነስ እንደሚያስከትሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ከስኳር ነፃ ተብለው በሚሸጡ ማስቲካዎች ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫም ለውሻ መርዝ ከሚሆኑት ይመደባሉ፤ የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። ትራፊ ለውሻ የምንጥለው በደግነት ነው፤ አገር ቤትም ውሻው ሁሉ የኖረው በትራፊ ነው። ነገር ግን ቁሌት የበዛበትን ወጥ በየቀኑ ለውሻ መስጠት እንደማይገባ በአማርኛ የተጻፈ ነገር አይቼ አላውቅም።

ወደ ኢታስካ የደረስነው ከታሰበው አንድ ቀን ዘግይተን ነው። ይህ ፓርክ በ1891 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ከሚኒሶታ ፓርኮች ሁሉ የቆየው ሲሆን፣ የሚሲሲፒ ወንዝ ከኢታስካ ሐይቅ የሚወጣበት ቦታ ነው። በመውጫው ላይ የቆመው ግንድ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,475 ጫማ እንደሆነና ወንዙ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 2,552 ማይል እንደሚጓዝ ይናገራል። ልጆቼ ያን ታላቅ ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጡ በጥቂት እርምጃ ተሻገሩት፤ እኔ ማሰሪያውን እጄ ላይ ጠምጥሜ ዳር ቆምኩ። ኢታስካ የሚለው ስም የአካባቢው ሰዎች ስም አይደለም። አሜሪካዊው አሳሽ ሔንሪ ስኩልክራፍት በ1832 እ.ኤ.አ. ኦዛዊንዲብ በተባለ፣ የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሆነው በኦጂብዌ መሪ ተመርቶ ከደረሰ በኋላ እውነትና ራስ የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የላቲን ቃላት መሐሉን ቆርጦ የሠራው ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይ ደርሶ ምንጩን አገኘሁ ሲል፣ የቦታው ነዋሪዎች ሰከላዎች ከዚያው ምንጭ ውሃ ይቀዱ እንደነበር ለልጆቼ ነገርኳቸው። እናቴ በበኩሏ ውሃው ንጹሕ መሆኑን ሦስት ጊዜ አስጠየቀችኝ፤ የምትጠይቀው ለራሷ አልነበረም።

በኢታስካ ጫካ ሌላው ጥንቃቄ መዥገር ነው። የአጋዘን መዥገር የምትባለው ስትጎለምስ እንኳ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም አትበልጥም፤ ላይም የተባለውን በሽታ ለውሻም ለሰውም ታስተላልፋለች። በየምሽቱ የውሻውን ጆሮ፣ አንገትና ብብት በጣት እየዳበስን፣ ራሳችንንም እየተፈታተሽን እንተኛ ነበር። ስለ ማገዶም በአጭሩ ልናገር፤ ከቤት ይዞ መሄድ አይፈቀድም፤ የአሽ ዛፍን የሚፈጅ ጢንዚዛ በእንጨት ውስጥ ተደብቆ ስለሚዛመት ፈቃድ ካላቸው ሻጮች እዚያው መግዛት ግድ ነው።

ከቢሚጂ ወደ ዱሉት፣ ከዱሉትም በ61 ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን በሱፒሪየር ሐይቅ ዳርቻ የተጓዝንባቸው የመጨረሻዎቹ አራት ቀናት ከሁሉም የበለጡ ነበሩ። ሱፒሪየር በስፋት ከዓለም ጨዋማ ያልሆኑ ሐይቆች ሁሉ አንደኛ ነው፤ ስፋቱ 82,100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ጣናን ከሃያ ጊዜ በላይ ይውጣል። ጥልቁ ቦታ 406 ሜትር ይወርዳል። ውሃው በኦገስትም አጥንት ይሰብራል፤ እግሬን ነክሬ አሥር ሳልቆጥር አወጣሁት። ውሃው እንዲህ ስለሚቀዘቅዝ እፎይ ብዬ ነበር፤ ሆኖም በደቡባዊ ዳርቻው በኩል በ2012 እና በ2018 እ.ኤ.አ. ያው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ታይቶ እንደነበር ሳነብ እፎይታዬ ቀነሰ። በጉዝቤሪ ፏፏቴ፣ በ1910 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው በስፕሊት ሮክ መብራት ቤት ሥር፣ በቴምፐራንስ ወንዝ አፍ ላይ፣ በሄድንበት ሁሉ መኪናውን አቁሜ መጀመሪያ የማደርገው ወደ ሰሌዳው ሄዶ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ሆነ። ልጆቼ ሳቁብኝ። የደረሰን የካምፕ ቦታ በአንዱ ሌሊት የኤሌክትሪክ መሰኪያ አልነበረውም፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ስለነበረ ግን ማቀዝቀዣ አላስፈለገንም።

ግራንድ ፖርቴጅ ስንደርስ የካናዳ ድንበር ቅርብ ስለነበር ልጆቹ እንሻገር አሉ። አልተሻገርንም። ከኦገስት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ማንኛውም ውሻ፣ ከካናዳ ቢመለስም እንኳ፣ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር መለያ) ያለውና ስለ እሱ ቅጽ የተሞላለት መሆን አለበት፤ እኔ ቅጹን አልሞላሁም ነበር። ውሻቸውን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ የሚያስቡ አንባቢዎች ካሉ ደግሞ ጉዳዩ ከዚህ ይከብዳል፤ ኢትዮጵያ የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ነው ተብለው ከተመዘገቡት አገሮች አንዷ ስለሆነች፣ ከመውጣታቸው በፊት የክትባት ማረጋገጫቸውን በመንግሥት ደረጃ አስመስክረው መያዝ አለባቸው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የዝግጅት ክፍሉ ከጁን ወር ጀምሮ እስከ ሴፕቴምበር ድረስ፣ በጉዞ ገጹ ጥግ ላይ እንኳ ቢሆን፣ የሐይቅ ውሃ አደጋ ምልክቶችን በአማርኛ ቢያወጣልን እጠይቃለሁ። ብዙ ቦታ አይፈልግም። አረንጓዴ ቀለም የተደፋበት ወይም የአረንጓዴ አተር ሾርባ የመሰለ ውሃ ሲታይ ልጅም ውሻም እንዳይገባ፤ በእንጨት ሲነሳ እንደ ክር እየተሳበ የሚወጣው ሌላ የማይጎዳ ተክል ሊሆን እንደሚችል፣ ከእንጨቱ ላይ እንደ ቀለም የሚንጠባጠበው ግን እንደሚያሰጋ፤ የገባ ውሻ ሳይልስ እንዲታጠብ፤ ማስመለስ ከጀመረ ሰዓት ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም እንዲወሰድ። የሽንኩርቱም ነገር በአንድ መስመር ቢታከልበት። እንግሊዝኛ በደንብ የሚያነብ ሰው ይህ ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። እኔ በቀን ስምንት ሰዓት የእንግሊዝኛ ምልክት እያነበብኩ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ያን ወረቀት ግን አላነበብኩትም። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታነብም፤ እኛ ጋ በሰነበተችበት ጊዜ ግን ጋዜጣችሁን እስክጨርሰው ትጠብቀኝና ከእጄ ወስዳ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ታነበው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከባሕር ዳር ደውላ መጀመሪያ ስለ ልጆቹ፣ ቀጥላም ያ ውሻ ደህና ነው ወይ ብላ ጠይቃኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ
ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ